ሰም ለበስ

አራካቲ ላይ ነፋስ ጨው ነው፤ ጨውም ነፋስ፤
ብረት የሚበላ፣ ቀለም የሚልስ።
ሱቄ ከወንዙ ዳር፣ ከዣግዋሪቤ አፍ፤
ሁለት ባልዲ፣ አንድ ዳስ፣ የጨርቅ ድርድር ከደጃፍ።

ቅዳሜ በጠዋት ዶና ዙልሚራ መጣች፣
የሰባ ዘጠኝ ሞዴል፣ ሰማያዊ ኦፓላ እየነዳች፤
ወንበሩ ላይ ትራስ ደርባ፣ መሪውን ሙጥኝ ይዛ፣
መንገዱን በሙሉ በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ እንቁላል ተጓጉዛ።

«ጁራሲ» አለች፣ «አማካሪ በዛብኝ።
የእህቴ ልጅ ሴራሚክ ይላል፣ መስታወት አልብሺው ብሎ ነዘነዘኝ።
አንዴ ተቀብቶ አምስት ዓመት እፎይ!
የሟቹን ሰም ግን በየሦስት ወሩ፣ በዚህ ጣት እችላለሁ ወይ?»
ጣቶቿን ዘረጋች፤ አንጓው ያበጠ፣
እንደ ዝንጅብል ሥር እዚህም እዚያም ያፈነገጠ።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሁለቱንም እሸጣለሁ፤
የሁለቱንም ጉድ ግን አውቃለሁ።

ሰሙን ከልጅነቴ፦
አጎቴ በበጋ የካርናውባ ቅጠል ሲያጭድ፣
አስጥቶ ሲወቃው፣ ዱቄቱ ቅንድቡን ሲያለብስ እንደ አመድ።
ዛፉ ሰም የሚለብስ ለእኛ መኪና መች አስቦ፤
ያጠራቀማትን ውኃ ፀሐይ እንዳትወስድበት ነው፣ ሰስቶ፣ ተርቦ።
እኛ ከእሱ ገፈን ለቆርቆሮ አለበስን፤
ቆርቆሮም የሚጠማ መሰለን።
ሰም ያምራል፤ ብርሃኑ ሞቅ ያለ፣ ጥልቅ፤
ግን እንግዳ ነው፤ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚርቅ።

ሴራሚኩ ደግሞ
ጠርሙሷ ከአውራ ጣቴ እኩል፤
ዋጋዋ ሁለት ፍየል።
ሽታው ያዞራል፤ ጓንት፣ ጭምብል ያስፈልጋል፤
ሃያ አራት ሰዓት ጠብታ ሳይነካው ይደርቃል፤
ከደረቀ ወዲያ በልመና አይለቅም፤
ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ ክፉ ደግ አይመርጥም።

«ስለዚህ» አልኳት፣ «አስቀድሜ ቀለሙን ልጥረግ፤
ጭረቱን በማሽን ላጥፋ፤ እንደ አዲስ ላድርግ።»

«የትኛውን ጭረት?»

ባትሪ አበራሁ።
ኮፈኑ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ክብ በክብ ላይ፣ ክብ በክብ ላይ፣
ጠጠር የወደቀበት ኩሬ ይመስል፣
ከፀጉር የቀጠነ መስመር።
«ይሄ የቀለበት ነው» አልኩ፤
«ሰሙን ያሸ የነበረው ሰው ቀለበቱን አያወልቅም ነበር።»

ዝም አለች። ነፋሱ ጨርቆቼን አራገበ።
«ቫልዴኖር» አለች፣ «አርባ አንድ ዓመት አላወለቀም።»

ሰሙ ታጥቦ ሄደ፤ ወርቁ የጻፈው ቀረ።

«እንግዲያው አትንካው። ከነጭረቱ ቀባው።»

ዶና ዙልሚራ! ሙያዬ ምን ይላል?
ይሄ ቁስል ሳያጥቡ ማሰር ነው፤
ከተማው ኮፈኑን አይቶ «የጁራሲ ሥራ» ብሎ ሊስቅ ነው።
አስረዳሁ። ሰማችኝ። ቦርሳዋን ከፈተች፤
የሁለቱን ፍየል ዋጋ ቆጥራ ሰጠች።

ቀባሁት። ስንዝር በስንዝር፣ ትንፋሼን ይዤ፣
በትንሽ ስፖንጅ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ፈዝዤ፤
የሟች ቀለበት ሲዞር የኖረበትን ጎዳና
በመስታወት ከደንኩት፤ አምስት ክረምት ይኖራል ገና።

ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ በደጇ ሳልፍ
ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤
ውኃው ኮፈኑ ላይ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ይንከባለላል።
ጨው አይዘው፣ አቧራ አይዘው፤
ከማንም ምንም አይፈልግም፤ ያበራል ብቻ።

እሷ ግን አጎንብሳ፣
በግራ በኩል፣ በደረቅ ጨርቅ፣
ክብ በክብ ላይ ታሻለች።

«ዶና ዙልሚራ! በደረቅ ጨርቅ? ይጫራል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።
የእሷ ቀለበት ደግሞ ካበጠው አንጓ ወዲያ ነው፤
ቢፈልጉም አይወልቅም።